ማጣሪያውን ያለፈ ብናኝ

አጎቴ የሚተዳደሩት በወፍጮ፣ የሚከበሩት በድምፃቸው ነበር። ወፍጮ ቤታቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። የሚያገለግሉበት ደብር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ይታያል። መሪጌታ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከአንዱ የዜማ መምህር ወደ ሌላው ሲዞሩ ኖረው፣ ትዳር ሲይዙ ለቤት ማቆያ ብለው ወፍጮ ተከሉ። በሥራ ቀን ይፈጫሉ፤ በሰንበትና በክብረ በዓል ማኅሌት ይቆማሉ። አገሬው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። እኔ የእኅታቸው ልጅ ስለሆንኩ «ጋሼ» እላቸው ነበር።

እሳቸው ዘንድ የገባሁት የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው። ሞተሩን መጠበቅ፣ ወፍጮውን የሚያዞረውን ቺንጋ መቀየር፣ የደነዘ ድንጋይ መውቀር የኔ ሥራ ሆነ። መብራት በሄደ ቁጥር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ያረጀ የፊዚክስ መጽሐፍ አነባለሁ፤ መብራቱ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይሄድ ስለነበር ብዙ አነበብኩ።

ወፍጮው ሁለት ነው፤ አንዱ የእህል፣ አንዱ የበርበሬ። የጤፉ ብናኝ ቅንድብ ያነጣል፤ የበርበሬው ግን ሌላ ነው። የእኛ አገር የበርበሬ አገር ስለሆነ፣ ከኅዳር ጀምሮ ቤቱ ውስጥ አየሩ ራሱ ቀይ ይሆናል። አጎቴ በርበሬውን ለማንም አይሰጡም፤ ድንጋዩ ከጠበቀ ይቃጠላል፣ ከላላ ይሻክራል እያሉ ራሳቸው ነው የሚቆሙበት። አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው ይውላሉ። ማታ ሲናፈጡ መሐረባቸው ይቀላል።

በዚያ ላይ ሳል ጀመራቸው። በደብሩ ዓመታዊ በዓል ቀን፣ ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ እያየ፣ ዜማውን ከፍ ሊያደርጉት ሲሉ ሳል ከመሀል ቆረጣቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው አጎነበሱ፤ ሌላው ተቀበለላቸው። በሳምንቱ የደብሩ አለቃ ወፍጮ ቤት ድረስ መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔታ፣ ለከርሞው ትንሽ ቢያርፉ ምን ይመስልዎታል?» አሏቸው።

«ማረፍ» በካህናት አፍ ሁለት ነገር ነው፤ ዕረፍትም ነው ሞትም ነው። አጎቴ የቱን እንደሰሙት ከመልሳቸው ገባኝ።

«ለማረፉማ ቀን አለው፣ አባ» አሉ። አለቃው ፈገግ ብለው ወጡ፤ አጎቴ ግን ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ በወፍጮ ቤቱ ባለፈች ቁጥር ትቆጣቸዋለች። «የኔታ፣ ወይ ብናኙን ይተዉ፣ ወይ በደንብ ይሸፈኑ። ነጠላ ዝንብ እንጂ ብናኝ አይከለክልም» ትላቸዋለች። ብናኙን መተው ማለት ቤቱን መዝጋት ነው። ስለዚህ መሸፈኑን የምፈልገው እኔ ሆንኩ።

በቀጣዩ የበርበሬ ወቅት ቡሬ፣ የቀለምና የግንባታ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ መኪና በመርጨት የሚቀቡ ሰዎች የሚያጠልቁትን ጭምብል አገኘሁ። አፍና አፍንጫን የሚገጥም ለስላሳ ጎማ ነው። በግራና በቀኝ ጉንጩ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ አለው፤ በየቀዳዳው ላይ እንደ ወፍራም ሱፍ ጨርቅ ያለ ነጭ ማጣሪያ ይቀመጥና በፕላስቲክ ክዳን ይጠበቃል። ማጣሪያው ሲያረጅ ይወጣል፣ አዲስ ይገባል፤ ጎማው ይቆያል። በላስቲክ የታሸገ አንድ ጥንድ ቅያሪም አብሮት ነበር።

አጎቴ ቄስ ስላልሆኑ ጢማቸውን ይላጫሉ፤ ጎማው ጉንጫቸው ላይ ልክክ አለ። ሁለቱን ማጣሪያ በመዳፌ ሸፍኜ «ይሳቡ» ስላቸው ጎማው ወደ ፊታቸው ተጣበቀ። በጎን የሚገባ አየር የለም ማለት ነው። በበጎ ጀመርን።

ሰኞ የገበያ ቀን ነበር። የመጀመሪያዋ አስፈጪ ቀላ ያለች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። በርበሬዋን ከትከሻዋ አውርዳ ቀና ስትል ደነገጠች።

«ውይ በሞትኩት! የኔታ ነዎት? ምን ሆነው ነው ፊትዎን የሸሸጉ?»

«ከቀይ መጠበቄ ነው» አሉ አጎቴ በጎማው ውስጥ እየተጎማጎሙ። «ቀይ አንድ ጊዜ ደረት ከገባች አትወጣም።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክትደክም ሳቀች። «እግዜር ይይልዎት! በርበሬውን ነው እኔን?»

«ሁለታችሁም ታስነጥሳላችሁ» አሏት።

ጭምብሉ ሠራ። ማታ መሐረባቸው እንደ ጧቱ ነጭ ሆኖ ዋለ። ሳምንት ሳይሞላ ሳሉ ጋብ አለ፤ ጧት ወፍጮ ቤቱን ስንከፍት፣ ድሮ እንደሚያደርጉት ዜማ ማንጎራጎር ጀመሩ። ማጣሪያው ግን ከቀን ወደ ቀን ቀላ፤ መጀመሪያ ሮዝ፣ ከዚያ እንደ ጡብ። መተንፈሱም እየከበደ ሄደ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር አፈነኝ» ይሉኛል። ቅያሪው አንድ ጥንድ ብቻ ስለነበር ለበዓሉ ሰሞን እናቆየው ብዬ አዘገየሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአጎቴ ሚስት ልብስ ያጥባሉ። የማኅሌት ልብስ የሚያጥብ እጅ የሳቸውን ያህል አላየሁም፤ ጥምጣሙ፣ ቀሚሱ፣ ነጠላው ከእጃቸው ሲወጣ በረዶ ነው። ያን ቅዳሜ ጭምብሉን ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ አዩትና አዘኑለት። ማጣሪያዎቹን አወጡ፣ በሳሙና ዘፈዘፉ፣ በመዳፋቸው መሀል አሹ፣ ውኃው እስኪጠራ አለቀለቁ፣ ከጥምጣሙ ጎን አጥሩ ላይ አሰጡ። ሰኞ ጧት ማጣሪያው ከሱቅ የወጣ ዕለት እንደነበረው ነጭ ሆኖ ቀረበ።

አጎቴ አጠለቁና ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። «አሁን ገና ተነፈስኩ!» አሉ። «ይኸውልህ፣ አንተ መጽሐፍ ታገላብጣለህ፣ እሷ በሳሙና ፈታችው።» ሚስታቸው በኩራት ፊታቸውን አዞሩ። እኔም እውነት መሰለኝ።

ሳሉ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ተመለሰ። መጀመሪያ የጥር ቁር ነው አልን። ከዚያ መሐረቡ ቀላ። በዓሉ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው፤ አለቃው ደግሞ ከፍኖተ ሰላም በኩል አንድ ጎበዝ ወጣት መሪጌታ እንዳስመጡ ተሰማ። አጎቴ ጧት ማንጎራጎራቸውን ተዉ።

ነገሩ አልገባ አለኝ። በኔ ሐሳብ ማጣሪያ ማለት ወንፊት ነው። ወንፊት ቀዳዳው ከእህሉ ሲጠብ ይይዛል፣ ሲሰፋ ያሳልፋል። ቢታጠብ ደግሞ ይጸዳል እንጂ ቀዳዳው አይሰፋም። ታዲያ ምን ተለወጠ? የታጠበውን ማጣሪያ ወደ ፀሐይ ይዤ አየሁት፤ የተዘበራረቀ ክር፣ በክሩ መሀል ብርሃን። የመጽሐፍ ማንበቢያ አጉሊ መነጽር ነበረኝና በሱ ስመለከት ጭራሽ ግራ ተጋባሁ፤ በክሮቹ መሀል ያለው ክፍተት ከበርበሬው ብናኝ ይሰፋል። ያልታጠበውን ቅያሪ ፈትቼ አየሁት፤ የሱም ክፍተት ያው ነው። እንግዲህ የኔ ጥያቄ ተገልብጦ ነበር የቆመው። አሁን ለምን ያሳልፋል ሳይሆን፣ ያኔስ እንዴት ይይዝ ነበር?

ጭምብሉ ሁለት ጉንጭ ያለው መሆኑ ጠቀመኝ። በግራው የታጠበውን፣ በቀኙ አዲሱን አስገባሁ። ከውስጥ በኩል በሁለቱም ቀዳዳ ላይ ንጹሕ የቁስል ፋሻ ለጠፍኩ። «ዛሬ በርበሬውን ልሞክረው» ብዬ አጎቴን ለምኜ፣ ራሴ አጥልቄ ከአንድ ደንበኛ ጆንያ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቆምኩ። ያው አየር፣ ያው በርበሬ፣ ያው ሳንባ ነው።

ጭምብሉን ሳወልቅ በርበሬ ይዘው የመጡ ሁለት ጎረምሶች ከበሩኝ። ያን ሰሞን ብሔራዊ ቡድናችን ለአንድ ትልቅ ውድድር ማጣሪያ ይጫወት ነበር፤ ከተማውም ገጠሩም ወሬው «አለፈ? አላለፈ?» ነበር። ፋሻዎቹን ነቅዬ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳቸው። የቀኙ ነጭ ነው። የግራው፣ ልክ ቀዳዳው ባለበት፣ ቀላ ያለ ክብ ጥላ ይዟል።

«አለፈ!» ብሎ ጮኸ አንደኛው። «በርበሬ ማጣሪያውን አለፈ!»

«በማን ሜዳ?» አለ ሁለተኛው።

«በግራ ክንፍ ነው የገባ!»

አጎቴ ሳይቀሩ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሳል ሆነባቸው።

መልሱን ያገኘሁት ከዚያችው ቀይ ሴት ነው። የተፈጨላትን በርበሬ ከፌስታል ወደ ጨርቅ ከረጢት ትገለብጣለች፤ ፌስታሉን በጥፊ ትመታዋለች፣ ታራግፈዋለች፤ ልሙ ዱቄት ከፌስታሉ ግድግዳ ላይ አልወርድ ይላል።

«ይኼ ፌስታል የሚሉት ነገር ወስፋታም ነው» አለች ለራሷ። «ሸካራውን ይለቃል፣ ልሙን ይውጣል። ከረጢት ቢሆን አንድ ጊዜ ሲያራግፉት ያልቅ ነበር።»

መጽሐፉ ላይ፣ ፀጉር ያበጠርንበት የፕላስቲክ ሚዶ ብጣሽ ወረቀት እንደሚያነሣ አንብቤ ነበር፤ ሞክሬውም ነበር። ከበርበሬ ጋር ግን አላገናኘሁትም። «ፌስታሉን ይስጡኝ» አልኳት።

«ባዶ ፌስታል ምን ያደርግልሃል?»

«ልጠይቀው ነው።»

«ወይ ጉድ! የየኔታ ወፍጮ ቤት ሰው ሁሉ ሊቅ ሆነ» ብላ ወርውራልኝ ሄደች።

ፌስታሉን ለሁለት ቀደድኩት። አንዱን እንዳለ ተውኩት፤ ሌላውን በሳሙና አጥቤ አደረቅሁት። ልም በርበሬ ነስንሼ ሁለቱንም አዘነበልኩ። ካልታጠበው ላይ ዱቄቱ ተለጥፎ ቀረ፤ ከታጠበው ላይ አብዛኛው ተንሸራቶ ወረደ። የታጠበውን በደረቅ ሱፍ አሸት አሸት አድርጌ ደግሜ ስነሰንስበት እንደገና ያዘ። የሚይዘው ቀዳዳ አይደለም። ላዩ ላይ ያለ፣ በዓይን የማይታይ፣ ሳሙናና ውኃ ይዞት የሚሄድ ጉልበት ነው።

ለማረጋገጥ ፍኖተ ሰላም ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ የሚሄደው እየተደናቀፈ ስለሆነ መዝገበ ቃላት ይዤ ገባሁ። ያነበብኩትን ለአጎቴ ያስረዳሁት በራሴ መንገድ ነው፤ አሁንም የማስበው እንደዚያው ነው። ወንፊት አጥር ነው፣ ማጣሪያ ግን የባሕር ዛፍ ጫካ ነው። ትልቁ ብናኝ እንደሚሮጥ በሬ ነው፤ አየሩ በዛፎቹ መሀል ሲጠማዘዝ እሱ መጠምዘዝ ስለማይችል ከግንድ ጋር ይላተማል። እጅግ ልሙ ደግሞ ከጠላ ቤት እንደወጣ ሰው ነው፤ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወዲህ ወዲያ ሲንገዳገድ አንዱን ዛፍ መንካቱ አይቀርም። አስቸጋሪው መሀለኛው ነው፤ አይላተምም፣ አይንገዳገድም፣ ከአየሩ ጋር ሹልክ ብሎ ያልፋል። ለሱ ሲባል ነው ክሮቹ ሲሠሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጣቸው፤ ፌስታሉ ልሙን በርበሬ እንደያዘው ይስቡታል። ሲታጠቡ ያ መሳቢያ ይሄዳል። ጫካው ከሩቅ ጫካ ይመስላል፤ መሀለኛው ግን እያፏጨ ያልፋል።

አጎቴ መቋሚያቸውን እንደያዙ ሲያዳምጡ ቆዩ። «እንግዲህ ትንፋሽ ቀለለኝ ብዬ ደስ ያለኝ...»

«ብናኙም ስለቀለለው ነው፣ ጋሼ። ሲከብድዎት እኮ ሞልቶ ነው እንጂ አልተበላሸም ነበር። ያኔ ነበር መቀየር።»

ያላሰብኩት፣ ሚስታቸው በራፉ ላይ ቆመው መስማታቸውን ነው። እጃቸውን በመቀነታቸው እያደረቁ ገቡ።

«እና እኔ ነኝ ያሳልኳቸው?»

«የለም እትዬ፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ...» ብዬ ጀመርኩና የባሰ እንደሆነ ታወቀኝ።

«አንቺማ አጸዳሽው» አሉ አጎቴ። «ንጽሕናው ነው የበዛበት። እኛስ ብንሆን ሙልጭ አድርገው ካጠቡን ምን ጉልበት ይቀረናል?»

«አይ፣ በቃል አያባብሉኝ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። «ለዚያች ለበዓሉ ብዬ ነው የለፋሁ። በል አንተ ልጅ፣ የሚታጠበውን ንገረኝ፣ እሱን ልጠብ።»

ይኼን ያሉት ተቆጥተው ነው። እኔን ግን አሳሰበኝ። ቡሬ ደጋግሜ ጠይቄያለሁ፤ ባለሱቁ «ማጣሪያው ለብቻው አይመጣም፣ ከፈለግህ ሙሉውን ውሰድ» ይለኛል፤ ሙሉውም ያን ሰሞን አልቋል። ያለችን አንዷ ጥንድ ቅያሪ እስከ በዓሉ እንድትቆይ ሸካራው ብናኝ እሷ ጋ ሳይደርስ ውጪ መቅረት አለበት። ሸካራውን ለመያዝ ደግሞ ጨርቅ ይበቃል። ጨርቅ ይታጠባል።

እትዬ ከሳሳ ነጠላ ላይ በኩባያ አፍ እየለኩ ክብ ክብ ቆረጡ፣ ደራረቡ፣ ጠርዙን ጠምዝዘው ላስቲክ አስገቡበት። በማጣሪያው ክዳን ላይ እንደ ቆብ ይጠልቃል። ማታ ማታ ቆቡን አውልቀው ያጥባሉ፤ ማጣሪያውን እኔ በደረቅ ጣሳ ከድኜ አስቀምጣለሁ። ቤት ውስጥ ሕግ ሆነ። አንድ ቀን ጎረቤት ገብታ ጭምብሉን ልታነሣ ስትል፣ «ተይ! ቆቡ ይታጠባል፤ ውስጡ አይነካም» ሲሉ ሰማኋቸው፤ የሚናገሩት ስለ ቤተ መቅደስ ይመስል ነበር። አጎቴም ጭምብሉን ለጤፍ አያጠልቁትም፤ ለጤፉ በነጠላ፣ ለበርበሬው በጭምብል። ከውስጥ የምለጥፈውን ፋሻ በየቀኑ አየሁት። ነጭ ነው። ሳሉ ግን ቶሎ አልለቀቀም፤ ደረት እንደ ፋሻ አይቀየርም። በዓሉ ሲደርስ ሌሊት ሌሊት ትንሽ ይቀራቸው ነበር።

በበዓሉ ቀን ታቦቱ ወጥቶ ከደብሩ ዋርካ ጥላ ሥር ቆመ። ወጣቱ መሪጌታ ከአጎቴ በስተቀኝ ተሰልፏል፤ አለቃው ራሳቸው ናቸው ያቆሙት። ሕዝቡ ለምን እንደቆመ ያውቃል። እትዬ ከሴቶቹ መሀል ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። እኔ ከወንዶቹ ጋር ሆኜ የማየው የአጎቴን አንገት ብቻ ነው፤ ትንፋሽ ሲስቡ ከአንገታቸው ላይ አንድ ሥር ትነሣለች።

አጎቴ ዜማውን አነሡት። ከበሮው ገባ። አምና የተቆረጡበት ቦታ ሲደርሱ የሰዉ አንገት ሁሉ ወደ እሳቸው ዘመመ። አለፉት። ድምፁ የድሮው አልነበረም፤ ዝቅ ያለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚሻክር ነው፤ ግን አልተሰበረም። ከዚያ በላይ ያለውን ከፍታ አልሞከሩትም። ጸናጽላቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው ዜማውን ለወጣቱ ሰጡት፤ እሱም ጠብቆ ነበርና ወዲያው ተቀበለ፤ ወጣበት፤ ሲወርድ አጎቴ ከታች ተቀበሉት። እንዲህ እየተቀባበሉ ጨረሱት። አምና ሳሉ ነጥቆ የሰጠባቸውን ዘንድሮ በእጃቸው ሰጡ።

ሕዝቡ ሲበተን አለቃው ወደ እኛ መጡ። ስለ ማረፍ አላነሡም። «የኔታ፣ ሁለታችሁ ጥሩ ገጠማችሁ። ለፋሲካውም እንዲሁ ብትሆኑ» አሉ። አጎቴ እጅ ነሡ። እትዬ ከኋላ «ተመስገን» ሲሉ ሰማሁ።

ጉብታውን ስንወርድ አጎቴ ትከሻዬን ያዙ። «ሰኞ ባሕር ዳር ትሄዳለህ። ያቺ ማጣሪያ አፈነችኝ። እዚያ ለብቻው የሚሸጥ አይጠፋም።»

«እሺ ጋሼ። ብዙ ልያዝ?»

ቆሙ። «ቆይ፤ ያ ክሩ ላይ ያለ ጉልበት... ሳይታጠብ፣ ዝም ብሎ በጣሳ ቢቀመጥስ፣ በራሱ እየሟሸሸ ያልቃል?»

አሰብኩት። በክረምት እርጥበት ምን እንደሚሆን፣ በበጋ ሙቀት ምን እንደሚሆን፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አላነበብኩም፤ ለመጠየቅም አልታሰበኝም ነበር።

«አላውቅም» አልኳቸው።

«እንግዲያው እስክታውቅ ብዙ አትግዛ» ብለው ቁልቁለቱን ቀጠሉ።